ፊደል ያልነበራት ቤት

ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ የተሳሳተ ፊደል ሳይ እጄን ይበላኛል። የወንድሜ ልጅ ሳቢር፣ እርስዎን ይዤ ገበያ ከወጣሁ የከተማውን ታፔላ ሁሉ አርመን ነው የምንመለሰው እያለ ይቀልድብኛል። እንዲህ በፊደል የምኮራው ሴትዮ ባለፈው ጥቅምት፣ ተወልጄ ባደግሁባት እንጅባራ፣ በአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ተረታሁ።

ከባሕር ዳር የመጣሁት ለዘመድ ሠርግ ነበር። ማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር ሳቢር ሱቅ በረንዳ ላይ ወንበር አስወጥቼ ተቀመጥሁ። እንጅባራ ጥቅምት ገባ ብሎ ዝናቡን የሚተው አገር አይደለም፤ ድሮም እንዲሁ ነው። ከመንገዱ ማዶ ቀርከሃ እየሰነጠቁ ወንበር የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ዝናቡ ካፊያ ሲሆን የተሰነጠቀው ቀርከሃ ሽታ፣ ያ ጥሬና ጣፈጥ የሚል ሽታ፣ መንገዱን ተሻግሮ መጣብኝ። ከአጠገቤ አንዲት ልጅ ከዝናቡ ተጠልላ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መጽሐፍ ታነባለች። ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው፤ በአዊኛ። እኛ ልጆች ሳለን አገውኛ ነበር የምንለው፤ በአገውኛ መጽሐፍ ይታተማል ያለን ሰው ቢኖር ግን እንስቅበት ነበር።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። የሣር ቤት ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ ሥር «ጝን» የሚል ቃል ተጽፏል። ሁለተኛይቱን ፊደል አውቃታለሁ። የመጀመሪያይቱ ግን «ግ»ን ትመስላለች እንጂ «ግ» አይደለችም፤ የሆነ ነገር ተጨምሮባታል። መነጽሬን ጠረግሁ። ፊደሏ እዚያው አለች።

ይቺ ማን ናት ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ በአዘኔታ አየችኝና ድምፁን አሰማችኝ። እኔም «ንን» አልሁ። አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች። «ኝን» አልሁ፤ አሁንም ሳቀች። ከዚያ የሌባ ጣቷን አወጣችና የምላሷን ጫፍ ወደ ታች ተጫነችው። «እንዲህ ያዙትና 'ን' ለማለት ይሞክሩ፤ እምቢ ብሎ ወደ ኋላ ሲሄድ ያን ጊዜ ትክክል ነው» አለችኝ።

ይህን ዘዴ በዓለም ላይ የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ፣ በገበያ መካከል፣ የሰው መሳቂያ ሆኜ ሞከርሁ፤ ወጣልኝም። ማን እንዳሳያት ስጠይቃት አያቴ ናት አለች። ስሟ ስንዱ ነው። ከቅርቡ ገጠር ከጥርባ ስንቅ ይዛላቸው በየገበያው ትመጣለች፤ ልጅቱ ከታላቅ እህቷ ጋር እዚሁ ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ዝናቡ ካልያዛት በቀር አሁን ትደርሳለች፤ እዚህ በረንዳ ላይ ነው ቀጠሯቸው። ሳቢርን ሻይ ላክልኝ አልሁትና ለመጠበቅ ተመቻችቼ ተቀመጥሁ። ስንዱን ከልጅነታችን በኋላ አይቻት አላውቅም። አንድ የምጠይቃት ነገር ግን ነበረኝ፤ እነዚህን ሁሉ ዓመታት ውስጤ ተቀምጦ ያረጀ ጥያቄ።

ያኔ ተማሪ ሳለን ስንዱ የኖረችው በሱቃችን ጓሮ በነበረች አንዲት ክፍል ነው። አባቴ አቡጀዲ፣ ጨው፣ ላምባና ክር የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ጓሮውን ደግሞ ከገጠር መጥተው ለሚማሩ ልጆች ያከራያል። ስምንተኛ ክፍል የገባን ዓመት ስንዱ መጣች። ጀርባዋ ላይ አገልግል፣ በእጇ አንድ ቁና ድንች፣ እግሯ ላይ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡናማ የሆነ ኮንጎ ጫማ። ስምሽ ማን ነው ስላት ስንዱ አለች፤ አባቴ ሰማና፣ እውነትም ስንዱ፣ ከነስንቋ ነው የመጣችው ብሎ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንዱ ከነስንቋ ሆና ቀረች። ቅዳሜ ጥርባ ትሄዳለች፤ እሑድ ከሰዓት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። እሑድ ማምሻውን ታዲያ አትናገርም። ከጓሮ ካለው የቀርከሃ አጥር ተደግፋ ወደ ጥርባ በኩል ፊቷን አዙራ ትቆማለች፤ በአገውኛ የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ሰኞ ጠዋት ግን ከሁላችንም ቀድማ ክፍል ትገኛለች፤ የሒሳብ መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ከንፈሯ ላይ ታያላችሁ።

የትኛው መንግሥት ነበር ያኔ ብለው ልጆቼ ይጠይቁኛል። ሬዲዮው ጠዋት ጠዋት ሲፎክር ትዝ ይለኛል፤ ምን ብሎ እንደሚፎክር ግን እንጃ። ትዝ የሚለኝ ሌላ ሌላው ነው። ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት ደብተር፣ በአሥር ሳንቲም የሚሸጥ ሁለት ብስኩት፣ በአምስት ሳንቲም ጉንጭ የሚያሳብጥ ከረሜላ። ወንዶቹ ካኪ ቁምጣ፣ እኛ አቧራማ ሰማያዊ ቀሚስ። የተሻለ ኑሮ ያለው ነጭ ሸራ ጫማ ያደርግና በጠመኔ ያነጣዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይዞ በባዶ እግሩ ይሮጣል። ጫማው ለእግር ነው ወይስ እግር ለጫማው እያልን እንስቅ ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ ባጃጅ ሲተራመስ ሳይ፣ እኛ ጭቃውን እየለካን የምንሻገርባቸው ድንጋዮች የት ገቡ እላለሁ። አስፋልቱ ሥር ይሆናሉ።

የክፍላችን ግድግዳ የቀርከሃ ሽመና ነበር። በጭቃ ተመርጓል ይባላል እንጂ ጭቃው ከረገፈ ቆይቷል። ስለዚህ እኛ ጂኦግራፊ ስንማር ሰባተኛ ክፍሎች እንግሊዝኛ ሲደግሙ እንሰማለን፤ እነሱም የእኛን ይሰማሉ። አንድ ቀን ጂኦግራፊ መምህራችን ጠይቆን ስናቅማማ መልሱ ከሰባተኛ ክፍል በሽመናው በኩል መጣ። እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው በዚያ ዓመት ጋሼ ደረጀ የተመደበው። ከሸዋ በኩል የመጣ ቀጭን ልጅ እግር መምህር፣ ጸጉሩ አፍሮ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች መንገድ የሚጠርግ። አማርኛ ነበር የሚያስተምረን። አርፎ መቀመጥ አያውቅም፤ እኛንም አያስቀምጥም። መስከረም ሳያልቅ የመዘምራን ቡድን፣ የቴአትር ቡድን፣ የግድግዳ ጋዜጣ፣ የመረብ ኳስ፣ የአትክልት ቦታ አቋቋመ። ልጆች ድንችና ጎመን ከሚያበቅሉበት ቤት መጥተው ትምህርት ቤት ደግሞ ድንችና ጎመን ሲተክሉ ወላጆች ገረማቸው፤ ለዚህማ እኛስ መች አነሰን የሚሉም ነበሩ። ያን መፀው እኔ አራት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ምሳ የምበላበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ሁሉም ነገር ግን ጊዜ ነበረው። ይህን እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ባዶ እጄን ተቀምጬ ቀኑ ያልቅብኛል።

ለጥያቄና መልስ ውድድር ዳንግላ የሄድነውም ያኔ ነው። የጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ እየዘፈንን፣ አዲስ ቅዳም ላይ ለሰው ሁሉ እጃችንን እያውለበለብን ደረስን። የዳንግላ ልጆች ሱሪያቸውን ተኩሰው ጠበቁን፤ እኛ ጸጉራችን ላይ የመንገድ አቧራ እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ጠያቂው ዓባይ ከየት ይነሳል ሲል ስንዱ እጇን አወጣችና ከግሽ አለች። ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ ጣና ስለነበር ተሳስተሻል ተባለች። ስንዱ አልተቀመጠችም። አጎቴ ጠበል ሄዶ ከምንጩ ጠጥቶ መጥቷል፤ ጣና ግን ሄዶ አያውቅም አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ነጥቡም ቀረ። ስንመለስ መኪናው ላይ፣ ዓባይ ከየት መጣህ ቢሉት ዳንግላ ጠይቁ አለ የሚል ግጥም አወጣችና እንጅባራ እስክንገባ አስጨፈረችን። አቧራ የጠገበ ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ሁሉ ደስታ ሥር ግን አንድ ነገር ነበር፤ እኔም ስንዱም እናውቀዋለን። ለመስቀል ቤቷ ስትሄድ አባቷ አቶ ውበቱ አስቀምጦ አነጋግሯታል። እናቷ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ቤቱ ሰው የለውም። ከጎረቤት መንደር ደህና ሰው ለልጁ ጠይቋታል። አቶ ውበቱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ። አላስገድድሽም አላት። ለወላጆች ቀን ጥሩኝ ብለዋል፣ እመጣለሁ፤ እስከዚያ አስቢበት፤ ያን ቀን ትምህርት ቤት ወይም ቤት ብለሽ ከአፍሽ ትነግሪኛለሽ፤ ቤት ካልሽ ለጠየቀን ሰው እሺ እላለሁ፤ ያልሽውን እቀበላለሁ አለ። ስንዱ ይህን ስትነግረኝ ምን እንደምትመልስ አልጠየቅኋትም። ሚኒስትሪ ሳትፈተን እንደማትቀር ነግራኛለች። ለአባቷ የምትለውንም ጓሮ ቆማ ስትለማመድ ሰምቻለሁ፤ በአገውኛ ስለሆነ ቃሉን ባላውቀውም፣ 'ሚኒስትሪ' የምትለዋ ቃል ከመካከሉ ብቅ ትል ነበር።

ለወላጆች ቀን ጋሼ ደረጀ ቴአትር ጻፈ። አንዲት የገጠር ልጅ ከተማ ሄዳ፣ ተምራ፣ ነርስ ሆና ነጭ ገዋን ለብሳ ትመለሳለች። በሩን ታንኳኳለች፤ እናቷ በነጭ ልብሷ ምክንያት አላወቀቻትምና ማን ነሽ ትላታለች፤ ልጅቱ፣ እኔ ነኝ፣ ወደ ቤቴ መጣሁ ትላለች። እዚያ ላይ ያልቃል። ነርሷ ስንዱ ናት። እናትየዋን የምትጫወተው የገበያ ዘበኛው ልጅ ነበረች፤ እኔ ከመድረኩ ጀርባ ሆኜ ቃል የረሳ እንደሆን የማስታውስ። ልምምዱ ሲያልቅ ስንዱ እጇን አወጣችና አንድ ነገር ጠየቀች። ከሚመጡት ወላጆች ብዙዎቹ አማርኛቸው የገበያ ነው፤ የአባቷም እንዲሁ። የመጨረሻይቱን ቃል እንኳ በአገውኛ ብትለው፣ ነገሩ ወዴት እንደሄደ ይገባቸዋል። ጋሼ ደረጀ በጣም ደስ አለው። ወረቀቱን አወጣና እንድትነግረው ጠየቃት፣ ሊጽፈው።

እዚያ ላይ ተያዘ። ቤት የሚለው ቃል የሚጀምርበት ድምፅ ፊደል የለውም። «ን» ብሎ ጻፈ፤ አነበበላት፤ ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። «ኝ» አደረገው፤ አሁንም አይደለም። «ንግ» ብሎ ሞከረ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ስንዱ የምላስን ጫፍ በጣት የመያዙን ዘዴ ያመጣችው። ጋሼ ደረጀ፣ ያ ሁሉ አፍሮ፣ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲታገል ሰባተኛ ክፍሎች በሽመናው ቀዳዳ ያዩት ነበር። እኔ ከእሱ ቀድሜ አወጣሁት፤ በሕይወቴ ካወቅኋቸው የአገውኛ ቃላት ያኔ በቅጡ ማለት የቻልሁት እሱን ብቻ ነው። በመጨረሻ ጋሼ ደረጀ ሌላውን ጽፎ የዚያችን ፊደል ቦታ ባዶ ተወው። ይቺን አንቺ ታውቂያታለሽ አላት። ያ ወረቀት እኔ እጅ ላይ ስለነበር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ መሥመሩ መካከል አንዲት ጥርስ እንደወለቀበት አፍ ነበር።

ገዋኑ የተሰፋው ከአባቴ አቡጀዲ ነው። አባቴ ጨርቁን የሰጠው በውሰት ነበር፤ ጭቃ እንዳይነካው፣ በኋላ ለትራስ ልብስ እሸጠዋለሁ ብሎ። ስለዚህ የወላጆች ቀን ፊት ለፊት ተቀምጦ ቴአትሩን ሳይሆን አቡጀዲውን ሲያይ ዋለ። የገብስ አጨዳ የተጋመሰበት ጊዜ ነበር፤ ቢሆንም ሰው መጣ። ወንዶቹ በፈረስ ነው የመጡት። የትምህርት ቤቱ አጥር ከዳር እስከ ዳር ፈረስ ታስሮበት፣ ቀይና ቢጫ ጌጣቸው ሲወዛወዝ፣ ያን የመሰለ ነገር ዛሬ የት አለ። መድረኩ የተሠራው የገጠር ልጆች እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ተሸክመው ባመጡት ቀርከሃ ነው፤ ገና አረንጓዴ ነበር፣ ይሸታል። መጋረጃው የመምህራን ብርድ ልብስ። አቶ ውበቱ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሁለተኛው መደዳ ላይ ተቀምጧል። ከጎኑ አንድ እሱን የሚያህል ሰው አለ። ስንዱ በሽመናው ቀዳዳ አየችና ፊቷ ተለወጠ፤ ለልጁ የጠየቀኝ ሰውዬ ነው አለችኝ። አብሮ እንደሚመጣ አልነገራትም ነበር። ቴአትሩ ሲያልቅ ወርዳ ለአባቷ የምትለው ነገር እንደተዘጋጀ ነው፤ እጇን ጨበጥሁት፤ በረዶ ነበር።

ቴአትሩ ሰመረ። በአማርኛው ቦታ ሰው ዝም ብሎ ያያል፤ ፈረስ ሲያሽካካ ልጆች ይስቃሉ። ከዚያ ስንዱ በነጭ ገዋን ወጣች። በሩን አንኳኳች። ማን ነሽ ተባለች። ትንሽ ቆየች፤ እኔ የረሳች መስሎኝ ልነግራት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ምን ብዬ፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ ነው። ከዚያ ተናገረች። በአገውኛ፣ ወደ ቤቴ መጣሁ አለች። እንደ ቴአትር አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እሑድ እሑድ ከአጥሩ ተደግፋ በምታንጎራጉርበት ድምፅ። ያ ሁሉ የገጠር ሰው ከሆዱ እህ አለ። አቶ ውበቱ ተነሣ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ወደ ጎን ዞረና ለሰውዬው በአገውኛ አንድ ቃል አለው፤ ሰውዬውም ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። አጠገቤ የነበረ ልጅ «'ሰማህ?' ነው የሚለው» ብሎ ተረጎመልኝ።

በአማርኛ የሄደውን ሁሉ አልተከተለውም። ያየው ልጁን በነጭ ልብስ ነው፤ የሰማው በራሱ ቋንቋ የተነገረች አንዲት መልስ ነው፤ እሷም ቤት የምትል ናት። በሕዝብ ፊት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ በሽማግሌ ፊት የተጨበጠ እጅ አይላቀቅም።

ጋሼ ደረጀ ነገሩ ሲገባው እየሮጠ ወረደ። ከአቶ ውበቱ ጋር ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ፤ እኔም ተከትዬ ሄድሁ። አስተርጓሚዋ ስንዱ ራሷ ናት፤ ገዋኑን እንኳ አላወለቀችም። ጋሼ ደረጀ ብዙ ተናገረ፤ ጨዋታ እንደሆነ፣ ቃሉ እሱ የጻፈው እንጂ የእሷ እንዳልሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ እሷን የሚያህል እንደሌለ። ስንዱ መሬት መሬት እያየች ተረጎመች። አቶ ውበቱ ረጋ ብሎ ሰማና መለሰ። ስንዱ አባቷ ያለውን በአማርኛ ነገረችን።

«ጨዋታ መሆኑን አላጣሁትም፤ ልጅ አይደለሁም። ሌላውን ሁሉ በእናንተ አፍ ተናገረች፤ ይቺን በራሷ አፍ ተናገረች። የቱን ልመን?»

አቶ ውበቱ ልጁን ግንባሯን ሳማት። ስንዱ ያን ያህል የተለማመደችውን፣ ያን 'ሚኒስትሪ' የሚል ቃል ያለበትን ንግግር፣ አልተናገረችም። አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ በፈረስ ተፈናጥጠው ሄዱ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ አገባች። ገዋኑ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ በሰው እጅ መጣ፤ አባቴ ለትራስ ልብስ አልሸጠውም፤ ለምን እንዳልሸጠው አልተናገረም። የጓሮዋ ክፍል ድንችና ጭስ ስትሸት ከርማ ሌላ ተከራይ ገባባት። ጋሼ ደረጀ በዓመቱ ተዛወረ። እኔ ሚኒስትሪ አልፌ ዳንግላ፣ ከዚያም መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ሰው አስተማርሁ። ጥርባ ከእንጅባራ አፍንጫ ሥር ናት፤ ግን እንዲህ ያለ ቅርብ አገር ነው ከሁሉ ሩቅ ሆኖ የሚቀረው። በየክፍሉ ፊት ቆሜ ፊደል ባስቆጠርሁ ቁጥር፣ ሁሉም ነገር የሚጻፍ እንዳልሆነ አውቅ ነበር።

ሻዩ ቀዝቅዟል። ልጅቱ ተነሥታ በጭቃው ላይ ሮጠች። ከባጃጅ አንዲት አሮጊት እየወረደች ነው፤ ቦት ጫማ፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ በትከሻዋ ላይ እርጥብ ጋቢ። ሁለቱም ቦት ጫማዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ልጅቱ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። አሮጊቷ ባልዲውን አስቀመጠችና በእጇ ዓይኗን ከልላ አተኩራ አየችኝ።

«የነጋዴው ልጅ አይደለሽም? ዘሃራ አይደለሽም?» አለች።

ተሳሳምን፤ ደግመን ተሳሳምን። ተላቅሰን ስናበቃ ሳቢር ወንበርና ሻይ አመጣ። ስንት ወለድሽ ተባባልን። እሷ ሰባት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ደግ ሰው ነበር አለች፤ አባቷም በደህና ጊዜ አረፈ። መጽሐፉን ከልጅቱ ተቀብላ ገጹን ገለጠችልኝና ያቺን ፊደል በጣቷ ዳሰሰቻት። መጣችልን፣ አየሻት ወይ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኋት። ለምን የተለማመደችውን እንዳልተናገረች ቀጥታ ለመጠየቅ ፈራሁና በዙሪያው ሄድሁ፤ ያን ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር፣ የጋሼ ደረጀን ንግግር በትክክል ተርጉመሽለት ነበር ወይ አልኋት።

ስንዱ ሳቀች፤ አቧራ የሌለው ሳቅ። ከዚያ ሳቁን ተወችው።

«የጋሼ ደረጀን አንድ ሳልቀንስ ለአባቴ ተርጉሜያለሁ። የአባቴንም ለእናንተ ተርጉሜያለሁ። የእኔን የሚተረጉምልኝ ነው የጠፋው። እውነቱን ብሏላ አባቴ፤ እናንተ ዘንድ ስሆን ቤቴ ይናፍቀኝ ነበር። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ያ የቀርከሃ ትምህርት ቤት ናፈቀኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ። ይህኛውን ግን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

እጇን ያዝኋት፤ እንደዚያን ቀን፤ አሁን ግን ሞቃት ነበር። ዝናቡ አቆመ። ከማዶ ወጣቶቹ ሌላ ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመሩ። ልጅቱ የእኛ ወሬ ሰልችቷት ቦርሳዋን አንግታ፣ ባልዲውን በአንድ እጇ እየጎተተች፣ በአገውኛ አያቷን ወተወተቻት። የምትለው ሁሉ አልገባኝም። አንዲት ቃል ብቻ ያዝሁ። ልጅቱ «ጝን» ትላለች፤ ጣቷ የሚያሳየው ግን ወደ ጥርባ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ወዳለችው የተከራዩዋት ክፍል ነው።

ስንዱ የልጅቱን ጣት ተከትላ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሰማሽ?» አለችኝ።